አንድ ዓይና

ጧት ነው። ስንሻው ሞተሩን አጠፋ፣
እንቦጩን በመቅዘፊያ እየገፋ
ጀልባዋን ከዘጌ ድንጋይ አስጠጋ።
ጫካው አልደረቀም፤ ሌሊቱን ዘንቦበት
እንደ ወንፊት ሲያንጠባጥብ ነጋ።
ሁለት ሌንስ፣ ሦስት ባትሪ፣ አንድ ጃንጥላ አዝዬ
በጌሾው መሐል ሽቅብ ወጣሁ፣
«አንሥቼ ለምሳ እመለሳለሁ» ብዬ።

መሪጌታ ልሳነወርቅ በር ላይ ቆመው ደረሰኝ ቆረጡ፤
ጫማዬን አዩ፣ ካሜራዬን አዩ፣ መቋሚያቸውን አገላበጡ።
«ብልጭታ የለም» አሉ።
«ቀለሙ ሽማግሌ ነው፤ ድንጋጤ አይችልም።
ሲሳሳም ዝም ብሎ ነው፤ አመመኝ አይልም።»

ጫማ አውልቄ ገባሁ። ሰሌኑ ቀዘቀዘኝ።
የጧፍ፣ የአሮጌ ጨርቅ፣ የሌሊት ወፍ ጠረን ያዘኝ።
ዙሪያውን ሰው ነው፤ ከወለል እስከ ጣሪያ፣
ዓይኑን አፍጥጦ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ እንደ ቅዳሜ ገበያ።
ካሜራዬን አነሣሁ። ግራ ዓይኔን ጨፈንሁ።
ፈረሱን ወሰድሁ፤ ጦሩን ወሰድሁ፤
እመቤታችን የያዘችውን መሐረብ ሳይቀር ዘገንሁ።

ከኋላዬ መሪጌታው ሳቁ። «አንተ ልጅ» አሉ፣
«እዚያ ጥግ ጅራፍ የያዙትን አየሃቸው? አንተን ይመስላሉ።»
አየሁ። ሰቃዮቹ ናቸው፤ ፊታቸው ወደ ጎን የዞረ፣
የእያንዳንዳቸው አንድ ዓይን ብቻ ግድግዳው ላይ የቀረ።
«ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያል፣ ሁለቱንም ያሳያል፤
ኃጥእ አንዱን ይደብቃል። ሠዓሊው በዚያ ይለያል።»
ቀልድ ነበር፤ ሳቅሁ። ግን ቁልቁለቱን ስወርድ
ያ የጨፈንሁት ዓይኔ
ሲያሳክከኝ ዋለ፤ የማላውቀው ሰው ይመስል ከጎኔ።

ባሕር ዳር ከሰዓት ሌላ ናት።
ሰማያዊ ባጃጅ፣ ዘንባባ፣ የመንገድ ሥራ አቧራ፤
ከዓሣ መሸጫው ጀርባ ደግሞ አንድ ረጅም ግንብ፣
«ይፈርሳል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ያረፈበት ከወደ ግራ።
ትርንጎ እዚያ ትሥላለች። መሰላሏ የተበደረችው፣
ቀለሟ ከቤት ቀቢዎች የተረፈ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ ያጠራቀመችው።
ዓሣ የምትበልት ሴት ሥላለች፤ ታንኳ ላይ ማገዶ የጫነ ሰው፤
የሎተሪ አዟሪ፤ ጥርሱ የጎደለውን ሊስትሮ፣ ፈገግታውን ሳትቀንሰው።
ሁሉም ፊት ለፊት፤ ሁሉም በሁለት ትልልቅ ዓይን።
«ማን አስተማረሽ?» «ማንም።
አባቴ ዘጌ ጌሾ ሲጭን እኔ ከበሩ ቆሜ አያቸው ነበር፤
እነሱም እኔን።»

ሳምንት ተመላለስሁ፤ በጧት፣ በቀትር፣ ሲመሽ፤
ካሜራውን ከፊቴ አውርጄ «እንዴት ዋልሽ?»
አላልኋትም።

ዓርብ ማታ ግንቡ ላይ አዲስ ሰው ተጨምሯል፤
ከባለ ዓሣዋ ቀጥሎ፣ ጃንጥላ አዝሏል፣ ጎንበስ ብሏል፣
ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ጥቁር ሳጥን ደቅኗል።
አንዲት ዓይን አለችው፤ እሷም ተጨፍናለች።
«እኔ ነኝ?» አልኋት።
ትርንጎ ብሩሿን በሱሪዋ ጠርጋ «ነህ» አለች።
«ክፉ ነህ ማለቴ አይደለም፤
ሌላኛውን ዓይንህን እኮ አሳይተኸኝ አታውቅም፤
ያላየሁትን ደግሞ አልሥልም።»

ካሜራውን ቦርሳ ከተትሁ። የቢራ ሳጥን ገልብጬ ተቀመጥሁ።
ግራ እጇ ላይ የቆየ ጠባሳ አለ፤
ይህን በሦስት መቶ ፎቶ ሳላየው ከረምሁ።
ጨለመ። «ነጩ ቀለም አልቋል» አለች። «ነገ በጧት ና፤
ፊትህን አዞርልሃለሁ።»
ሐይቁ ላይ የአንድ አስጋሪ ባትሪ ብልጭ አለና ጠፋ፤ እንደገና።

ቅዳሜ ስደርስ እስካቫተሩ ቀድሞኛል።
ግንቡ ተኝቷል። አቧራው ገና ዘንባባው ላይ ያርፋል።
ከፍርስራሹ መሐል የባለ ዓሣዋ አንድ ዓይን ሰማይ ሰማይ ያያል፤
ሌላኛው የት እንደ ወደቀ እንጃ።
ሊስትሮው ራሱ መጥቶ
የራሱን ፈገግታ ፍለጋ ድንጋይ ያገላብጣል።

ትርንጎ አላለቀሰችም። መሰላሉን ለባለቤቱ ልትመልስ ነበር።
«ጫፉን ያዝልኝ» አለችኝ። ተሸከምሁ፤
በጊዮርጊስ አደባባይ፣ በባጃጁ ግርግር፣
እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ሁለት እጄ ተይዞ፣
ካሜራው ክዳኑን እንዳጠለቀ ደረቴ ላይ ደንዝዞ።

ማታ ስንሻው ደወለ። «ዛሬስ ምን አነሣህ?»
«መሰላል» አልሁት።