ሰማያዊ ጓንት

ኬሚ የምትባል ከተማ፣ ባሕሩ የረጋባት፣
የወረቀት ፋብሪካው በሩን የዘጋባት፤
ኅዳር ላይ ፀሐይዋ ለምሳ ብቅ ብላ
ሾርባዋን ሳትጨርስ የምትሄድ ኮብልላ።
እዚያ ነን። እኔ የሌሊት ነርስ፣ ታውኖ ጡረተኛ፣
ፒርዮ ፖስታ አዳይ፣ ቬርነሪ የገበያ ጋሪ ለቃሚ፣
ሥራ ሲኖር ትጉ፣ ሲጠፋ እንቅልፈኛ።

በየወሩ አንድ ቀን አሥራ ሦስት ዩሮ
ላልተወለድንባት አገር እንደ ግብር ተቆጥሮ
ከሒሳባችን ይወጣል፤ በሩ ይከፈታል፤
ከበሩ ወዲያ ግን ሁሉ በላብ ይመጣል።

ታውኖ አመድማ ካባውን ያገኘው እንዲህ ነው፦
ባንድ ክረምት፣ አርባ ሁለት ሌሊት፣ ዘንዶው እያቃጠለው፤
ስንት ጊዜ እንደሞተ እኔ ነኝ የማውቀው፣
ፈዋሽ ነኝ፤ በጣቴ ነክቼ የማስነሣው።
(በምሠራበት ሆስፒታል
የወደቀ ሁሉ እንዲህ አይነሣም።)

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጥገናው ሲያበቃ፣
ከአደባባዩ ጉድጓድ ጥግ ድንኳን ተተከለ፤
የታውኖ ዓይነት ካባ፣ ያውም ወርቅ የተጠለፈ፣
በዘጠኝ ዩሮ ከምናምን ደጃፉ ላይ ተሰቀለ።
አይቆርጥ፣ አይመክት፣ ጉልበት አይጨምር፤
ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ማማር።

በማግስቱ ቬርነሪ ለብሶት መጣ።
ታውኖ ዝም አለ። ከዚያ ዝም አላለም።

«ቤት ተከራይቼ፣ ኪራይ ከፍዬ ሳበቃ፣
አከራይዋ ሳሎኔ ውስጥ ሱቅ ከፈተች በቃ!»
«ጨርቅ እኮ ነው» አለ ልጁ፣ «ሰይፍህን አልነካ፤
አንተን የጎዳህ እስቲ በምን ይለካ?»
«ጨርቅ ከሆነማ ለምን ገዛኸው?»
«ጨርቅ ከሆነማ፣ አንተስ አርባ ሁለት ሌሊት
ለምን ሞትክለት?»
ፒርዮ ልታስታርቅ፦ «ሰርቨሩን ማን ያሞቃል?
በኔ አሥራ ሦስት ዩሮ መብራቱ ይበቃል?»
ማን ሰምቷት! አንዱ «የመስታወት ሎሌ!»
ሌላው «በሰው ኪስ የምታዝ፣ ቆንቋና ሽማግሌ!»

በሳምንት ውስጥ ከሃያ ሦስታችን ዘጠኝ ቀረን።
ከፈልን፣ ከፈልን፤
በመጨረሻ ክፍያው እኛኑ ከፈለን።

ታውኖ ዐዋጅ አስነገረ፦ ቅዳሜ፣ ማታ ሦስት ሰዓት፣
ልብሱን ያወለቀ ሁሉ ድንኳኑ ፊት ይገኝ።
ሁለት መቶ ያህል መጡ፤ ከየት እንደመጡ እንጃ፣
ድንኩ፣ ቀንዳሙ፣ ጆሮ ረጅሙ፣
በውስጥ ሱሪ ብቻ፣ በረዶ ላይ፣ ጎን ለጎን፣
አንዱንም ሳይበርደው።
ከኔ መስኮት ውጭ እውነተኛው በረዶ ይወርዳል፤
እግሬን በብርድ ልብስ ጠቅልያለሁ።
ቬርነሪም መጣ፣ ካባውን እንደለበሰ፣
ከዳር ቆመ፤ አልሰደበ፣ አልመለሰ።

ተራዬ ደረሰ። ረጅሙን ቀሚሴን ጣልኩት።
ከዚያ አየሁት።

ጓንት።
በመጋቢት የገዛሁት፣ ሦስት ዩሮ ከፍዬ፣
ሁለት አልጋ ባንድ ሌሊት የተለቀቀ ዕለት፣
ሲነጋ፣ ካፖርቴን እንኳ ገና ሳላወልቅ፤
ሰማያዊ፣ እንደ ጋዝ ምድጃ ነበልባል የሚበራ፣
እጅጌዬ ውጦት ማንም ሳያውቅብኝ፣ እኔም ረስቼው።
በዚያ አገር ሕግ የሱቅ ዕቃ ከልብስ ጋር አይወልቅም።
በሁለት መቶ ራቁት መሃል የኔ እጅ ብቻ ያበራል።

ስንት ስድብ ጽፌያለሁ፣ ከታውኖ ወገን ሆኜ!

ስክሪኑ ጥግ ላይ «ታውኖ እየጻፈ ነው» አለ፤
ጠፋ፤ ደግሞ አለ፤ ጠፋ።
ቬርነሪ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተጠጋ።
ከዚያ ከሽማግሌው አንድ ቃል መጣች፦
«ያምራል።»

ስድብ ይሁን ምርቃት እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።
ዛሬም ዘጠኝ ነን። ማክሰኞ አሥራ ሦስቱ ተቆረጠ።
ብቻ ያን ማታ፣ ሰልፉ እስኪበተን ድረስ፣
እጄን አልሸሸግሁም።