የዋሴ ትከሻ

በሰባ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ፣
ኳሷ ከማዕዘን ተነሥታ፣ ፀሐይዋን ጋርዳ ስትታይ፣
ዋሴ ዘለለ፤ ያዛት፤
ደረቱ ላይ አቀፋት።
ሲወርድ ግን ከትከሻው ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ።
እኛ አልሰማንም፤ ከበሮው ደምቆ፣ ማን ዝም ያለ!

የሰማው ጥጋቡ ነው፤ ከመረቡ ጀርባ ባጃጁን አቁሞ፣
ነገሩን ማታ ነገረን፣ ፊቱ ተጨማዶ፣ ድምፁ ደክሞ።
«እንደ ደረቅ ባሕር ዛፍ» አለን፤ ከዚያ ዝም ብሎ ቀረ።
ያን ሌሊት ከአንገረብ እስከ ቀሃ ማን ተኝቶ አደረ?

እሑድ ጧት ወሬው ከቅዳሴ ቀድሞ ወጣ።
አንዱ «ተሰብሯል» አለ፤ አንዱ «ወልቋል እንጂ»፤ አንዱ «ጅማት ነው» ብሎ መጣ።
የአራዳው ልብስ ሰፊ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣
ትከሻ እንዴት እንደሚሠራ አስረዳን፣ የሰው ኮት እጅጌ ነቅሎ፦
«ይኸው፣ ክሩ እዚህ ጋ ከተበጠሰ እጅጌው በራሱ አይነሣም።
ይሰፋል፤ መርፌው ያለፈበት ግን አይረሳም።»
ለባሏ ደም ብዛት ሁለት ጧፍ ሰጥታ ያለፈች
ትርንጎ፣ ለቁስቋም ማርያም ጃንጥላ ተሳለች።

ያን ክንድ እኮ እናውቀዋለን! አምና ሐምሌ፣ ጭቃው ላይ፣
ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት መልሶ፣ ነፍስ የዘራብን እኛ ላይ።
ጥጋቡ ባጃጁ ጀርባ «ክንዱ አይሰበርም» ብሎ አጽፏል፤
ሰኞ ሳየው ዳርና ዳሩን ጭቃ በልቶት፣ «ሰበር» የሚለው ብቻ ተርፏል።

ክርክሩም ለሁለት ከፈለን፦ ሐኪም ወይስ ወጌሻ?
«የአዘዞው ፈንታሁን ያሸው እንደሁ፣ ይነሣል ይህ ትከሻ!»
«ቅቤና ቀርከሃ ጅማት አይቀጥልም፤ ራጅ ይነሣ፣ ራጅ!»
የጠየቀው የለም እሱን ራሱን፣ ከኛ፣ ከዚያ ሁሉ ወዳጅ።
ዋንጫው ለእሑድ ነው፣ ከደምቢያ ጋር። ተጠባባቂው አሥራ ሰባት ዓመቱ፤
ኳስ ሲመጣበት ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሰፊ ነው ጓንቱ።

ማክሰኞ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዘን ማራኪ ወጣን፤
እናኑ በሩን ከፈተች፤ «ግቡ» አለች፣ ዓይናችንን ሳታየን።
ድንጋይ ጠራቢ ነው ዋሴ፤ ኳስ ኪራይ አይከፍልም፤ ይህን እያወቅን፣
መዶሻው ደጃፉ ላይ ተጋድሟል፤ ተራምደነው አለፍን።
ሕፃኑ ከእናቱ ጀርባ እጁን ዘረጋ፤ ዋሴ ሊቀበለው ቀና አለ፤
ቀኙ እምቢ ሲለው ተመለሰ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ «ነገ» እያለ።
እኔ ግን (እኔው ነኝ፤ በማንም አላሳብብም)
«ለእሑድ ይደርሳል ወይ?» አልኩት።
«ያምሃል?» አላልኩም።

ዋሴ! የኔ ዋስ ማለት ነው። ሰባት ዓመት ለኛ ተይዞ፣
ዕዳችንን ሲከፍል ኖሮ፣ በደረቱ ጭቃ ላይ ተጉዞ፣
እሱ በተራው ሲያዝ፣ ከዚያ ከሜዳ ሙሉ ሰው
ማነው ብድግ ብሎ «እኔ ዋስ ነኝ» ያለው?

እሑድ ዋንጫው ለማን እንደሄደ ሌላ ሰው ያውራችሁ፤
ዓይኔ ሜዳው ላይ አልነበረም፤ ይቅር በሉኝ እባካችሁ።
ዋሴ አጠገቤ ነበር፤ ክንዱ፣ በነጠላው ውስጥ፣
ኳስ ወደ ጎል በመጣ ቁጥር ሲነሣ፣ ሲንፈራገጥ፣
ጆንያ ውስጥ እንደታሰረ ዶሮ።
«ዓይንህን ክፈት፣ ልጄ» ይላል፣ ለዚያ ብላቴና፣ ድምፁን ሰውሮ።
እጄን ሰደድኩና፣ የላላውን ቋጠሮ
አጠበቅሁለት።
«ያምሃል?» አልኩት።
ዘወር ሳይል፣ «ሲዘንብ ይብሳል» አለ።
ቀና ብዬ አየሁ፤ በጎርጎራ በኩል ሰማዩ ውሃ እንዳዘለ።