ባርኔጣ የደፋ «እኔ» ይባላል

ጀልባችን ጠባብ ናት፤ አራት ክንድ ከስንዝር፣
ሰሌዳ አይሰቀል፣ ወንበር አይደረደር።
በእንግሊዝ አገር ቦይ፣ በእግረኛ ፍጥነት፣
እየተንሳፈፍን ነው ልጆቼ ያደጉት።

እኔ ሰዋስውን የተማርሁት በቀይ፣
ደብተሬ ሲደማ ከግርጌው እስከ ላይ፤
«ግሱን አውጪ!» ተብዬ ቆሜ ስፈልገው፣
ክፍሉ በሙሉ ስቆ ያገኘው እኔን ነው።
እና በዚህች ጀልባ ቀይ ብዕር አይገባም፤
ቲማቲም ግን አለን፣ እሱ ሰው አያርምም።

መጀመሪያ ጠመኔ። «የነካችሁት ላይ
ስሙን ጻፉ» አልሁኝ፣ ሲያጉረመርም ሰማይ።
ሊኔት፣ ሰባት ዓመቷ፣ ባልዲውን፣ ድስቱን፣ በሩን
ጽፋ ስትጨርስ፣ የአባቷን ግንባሩን
«አባት» ብላ ጻፈች ተኝቶ ሲያንኮራፋ።
ጃስፐር ግን፣ ትንሹ፣ መስኮቱ ላይ ተደፋ፤
«ጭጋጉን ምን ላይ ልጻፍ?»
                         አላወቅሁም መልሱን።
መስታወቱ አልቦት ነበር፤ በጣቱ ጻፈ ስሙን።
እስከ ረፋድ ቆየ፤
ከዚያ ስሙም ጭጋጉም አብረው ለቀቁ ቦታውን።

ግስማ የውሃ በር ላይ ነው፤ አሥራ ስድስት በር በቀን፣
ግፊ! ዝለል! ሳቢ! ክፈት! ልቀቅ! እያልን፤
ማታ እጃቸውን ስስም፣ ዝገትና ቅባት ነው፣
ግስ ግስ ነው የሚሸተው።

ድልድይ ሲመጣ ደግሞ ድምፃችንን አድርገን ከፍ
«ከታች! ከታች! ከታች!» እስክናልፍ፤
ዋሻ ስንገባ «ውስጥ!»፣ ጨለማውም «ውስጥ» ይለናል።
መስተዋድድ የሚል ስም ገና መቼ ሰምተዋል?
ጎንበስ ማለትን ግን አንድም ቀን አልረሱም።

ነጠላ ሰረዝ ማለት፣ ገንዳው እስኪሞላ ቆም፤
ነጥብ ማለት ሲመሽ ገመድ ከችካል ማሰር።
አንዲት አረንጓዴ ጀልባ አጠገባችን ታስራ ነበር፤
ጠዋት ስንነቃ የለችም። ጃስፐር «ናት» ሊል ጀመረና
ባዶውን ውሃ አየና
«ነበረች» አለ፣ ቀስ ብሎ።
እኔ አላስተማርሁትም።

ከሁሉም ግን ባርኔጣው። የገለባ፣ ጠርዙ ያለቀ፤
«እኔ» ይባላል ያጠለቀ፤
ፊት ለፊቱ ያለው «አንተ»፣ ጥግ የቆመው «እሱ»፤
ባርኔጣው እጅ ሲለውጥ «እኔ»ም ይሻገራል ከራሱ።
አንድ ምሽት ሾርባ ሲቀርብ ጃስፐር ዞረብኝ፤
ኮት መስቀያው ላይ ሰቅሎት፣
«ዛሬ አልበላም፣» አለ፣ «እኔ እዚያ ላይ ነኝ።»

በጥቅምት ከማዘጋጃ ቤት ሚስተር ፔምበርተን መጡ፣
ቅጻቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ጎንበስ ብለው ተቀመጡ።
«ጽሕፈት ቤቱ ሊያረጋግጥ ይወዳል» ይል ነበር ደብዳቤያቸው፤
ድምፃቸውም እንደዚያው ነው፣ ማኅተም ያለው።
«ተውላጠ ስም ምንድን ነው?» ብለው ጃስፐርን ጠየቁት።
ጃስፐር ጸጥ። እኔ የድሮ ክፍሌን ሳቅ ሰማሁት
ከጀልባዋ ወለል ስር፣ ውሃው ሲላተማት።
ሊኔት ልትመልስ ስትል በዓይኔ ያዝኋት።

ልጁ ተነሣ። ባርኔጣውን ከመስቀያው አውርዶ፣
በርጩማ ላይ ወጣና ደፋላቸው፤ ከዚያ ወርዶ
ጠበቀ።

ሰውየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «ጽሕፈት ቤ…» ብለው ተዉት።
«እኔ…» አሉ፤ ቃሉን እንደ አሮጌ ኮት ኪስ ሲፈትሹት፣
«እኔ… ከዚያ ሾርባ ባገኝ ደስ ይለኛል።»

ሁለት ሳህን ጠጡ። ምን እንደሞሉ ቅጹ ላይ አላየሁም።
የቦዩን ዳር ይዘው ሲወርዱ፣
ባርኔጣው ራሳቸው ላይ ነው፤ አላወቁም።
ጃስፐር እርጥብ መስኮት ላይ መዳፉን ለጥፎ፣
ግማሽ ሳቅ፣ ግማሽ እንባ ከዓይኑ ላይ ተርፎ፣
«እማዬ፣ ድረሽ!» አለኝ፣ «‹እኔ›ን ይዘውብን ሄዱ!»