ግሱ እስኪመጣ

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ሰኔ ሲያጉረመርም፣
ቆርቆሮው ጣራችን ሰው አያናግርም፤
መምህር ሽባባው ዝም ብለው ይቆማሉ፣
ዝናቡ ሲያባራ «ምዕራፍ ስድስት» ይላሉ፣
ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ ይገልጣሉ።

መጽሐፉ አንድ ብቻ፣ እኛ ሃያ ስምንት፤
በካርታው ላይ ጀርመን ዛሬም ናት ሁለት፦
አንደኛዋ ቢጫ፣ ሁለተኛዋ ቀይ።
እሳቸው የተማሩት እዚያ፣ ቀይዋ ላይ።
«እኔ ዲፕሎማ ይዤ፣ እሷ ስሟን ትታ
ተለያየን» ይላሉ በለሆሳስ፣ በዝግታ።
እኛ እንስቃለን፤
አገር እንደ እርሳስ ተቀርጾ ያልቃል ብለን
መቼ አስበን እናውቃለን?

ዴር፣ ዲ፣ ዳስ፦ ሦስት በር፤ ስም ሁሉ ተሰልፎ
አንዱን አንኳኩቶ ይገባል፣ ደጁን አልፎ።
ማንኪያ ወንድ ነው አሉ፤ እሺ አልን።
ሹካ ሴት ናት አሉ፤ እሺ አልን።
ቢላዋ ግን ወንድም ሴትም አይደል፣ ዳስ ነው፤
ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ልጃገረድ፣ እሷም ዳስ ነው።
እኔ አንጓች ተነሣሁ፦ «ልጅቷ ምን አጠፋች፣
ከቢላዋ ጎን የቆመች?»
ሳቁ። «ሕጉን ያወጣው ሰው ዛሬ የለም፤
ክሱን ጽፈሽ አምጪ፣ በጀርመንኛ ግን፣ በአማርኛ አይደለም።»
ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀላ፤
የወደቅሁት በፊደል ነው፣ አይደለም በሌላ።

አዲስ አበባ ላይ፣ አክስቴ ዘንድ ሄጄ፣
«ኸዚህ እስኸዚያ» ብል የሰፈሩ ልጆች ሳቁብኝ፤
ክረምቱን ሙሉ ያ ድምፅ እንደ ዓሣ አጥንት አነቀኝ።
እዚህ ግን «ቡኽ» በሉ፣ «ናኽት» በሉ ቢሉን፣
መጽሐፉንም ሌሊቱንም ባንድ ትንፋሽ አልን።
«ለዚህ ድምፅ» አሉ፣ «ስንቱ የሌላ አገር ሰው
መስታወት ፊት ቆሞ ሲጉመጠመጥ ነው የሚውለው፤
እናንተ ከዳሞት ወተት ጋር ጠጣችሁት።»
ያን ቀን፣ የዋጥኩትን አጥንት ከጉሮሮዬ አወጣሁት።

ደግሞ ሌላ «ዳስ» መጣ፣ ኤስ የደረደረ፣
ግሱን ከመሃል ነቅሎ ዳር ላይ የገተረ።
«አትደናገጡ» አሉ፣ «ይህ የቤታችሁ ነው።»
እውነት ነው። አባቴ ሽማግሌ ሲቀመጥ እንዲህ ነው፦
ድንበሩን፣ በሬውን፣ የተጣሰውን አጥር፣
የሟች አያቱን ቃል፣ ሲደረድር፣ ሲደረድር፣
ሰው ትንፋሹን ይዞ፣ «ይካስ» ይሁን «ይቅር»
ሳያውቅ ይጠብቃል፣ ያ ግስ እስኪነገር።
ግጥምም ቤት የሚመታው እዚያው፣ ግሱ ዘንድ ነው፤
ሌላው ሁሉ መንገድ ነው።

ጡረታቸው ደረሰ። መዝገበ ቃላቱን ሰጡኝ፤
ስገልጠው ሁለት የትራም ትኬቶች ወደቁልኝ፦
አንዱ ተበስቷል፣ አንዱ ግን ድፍን ነው።
«ይህኛውስ የማን ነው?»
ጠመኔ አነሡ። «ኢሽ ቫይስ፣ ዳስ» ብለው ጀመሩ፤
እሷ ያን ማታ፣ በበረዶው፣ ማቆሚያው አጠገብ፣ እኔን...
ደወል ተደወለ። እጃቸው ሰሌዳው ላይ እንዳለ ቀሩ።
ኋላ ኮታቸውን ደረቡ።
አላጠፉትም። ወጡ።

ጠበቀች? ረሳች? ሸኘች? ሸሸች? ዋሸች?
ሁሉንም በየተራ ሰክቼ አየሁ፣ በዚያች ክፍት ቦታ፤
ሰዋስው አንዱንም አልከለከለኝ፣ ከጠዋት እስከ ማታ።

ሰሌዳው ታጠበ። እኔ ግን ሰኔ በመጣ ቁጥር፣
ቆርቆሮ ሲንጫጫ፣ ያቺን የጠፋች አገር፣
ያን ድፍን ትኬት፣ ያን በበረዶ የቆመ ዓረፍተ ነገር፣
መምህሬን፣