የቆመ ውኃ

ጋሽ አንማው፣ መጻሕፍቱን ፈርሜ መልሻለሁ፣
ከሰኞ ጀምሮ ልጄን ቤት አስቀርቻለሁ።
«ለምን?» ሲሉኝ ያኔ ቃል አጠረኝ፤
አሁን፣ ዳር ስቀመጥ፣ ደንገሉ ነገረኝ።

«ሐይቅ የቆመ ውኃ ነው» ይላል መጽሐፉ፤
ሰማንያ ሁለት ልጆች ጎንበስ ብለው ሲጽፉ፣
ማስተዋል እጅ አወጣች፦ «ቲቸር፣ ይሄዳል፤
ያባቴ ታንኳ ሳይቀዘፍ ወደ ዓባይ ይወርዳል።»
ቀይ ኤክስ ነበር ማርኳ። ከዚያማ ጉልበቷ
ጠጠር ላይ አረፈደ፤ ማየት ሆኖ ጥፋቷ።

መምህሩን አልወቅስም፤ ድምፁ ተሰንጥቋል፣
ሰማንያ ሦስት ስም ማን ችሎ ያውቃል?
ግን «ገባችሁ?» ሲል «አዎ!» ነው ባንድ አፍ፣
እንደ እምቦጭ፣ አረንጓዴ፣ ጥቅጥቅ ያለ ምንጣፍ፣
ከሥሩ ዓሣው ትንፋሽ የሚያጥረው።

አሁን ሽንብጥ፣ በረንዳው ላይ ነው ክፍላችን፤
አምባዛ መመዘን ሆኗል ሒሳባችን።
ቀረሶ ሰንጥቃ ሐሞቱን ትስላለች፣
ደንገሉ ስንት ቀን ውኃ እንደሚችል ታሰላለች።

ግን አልደብቅዎትም። ጠዋት ደወሉ ሲደወል
እርሳሷን ታቆማለች።
ከንፈሯ ከመዝሙሩ ጋር ይሄዳል፣ ድምፅ ሳይወጣው፤
የነጥሩአየሁን ሳቅ እኔ ከየት ላምጣው?

ትናንት ደግሞ፦ «ውኃው ሁሌ ከሄደ
ሐይቁ እንዴት ሳያልቅ ቀረ?» አለችኝ።
ጉማራን ነገርኳት፣ ርብን፣ መገጭን፤
አራተኛው ጠፋኝ። «አላውቅም» አልኳት።
ቀና ብላ አየችኝ፣ ለረጅም ጊዜ፣
ይህን ቃል ከትልቅ ሰው አፍ ሰምታ እንደማታውቅ።

ካርታው ገጽ አርባ አንድ ላይ ነበር መሰለኝ።
ጋሽ አንማው፣ ያን መጽሐፍ ለአንድ ሳምንት ያውሱኝ።