እዚህች ናት

ደላላው ሸምሱ ነው፣ ዱባይ፣ ቁሴስ ላይ ቤቱን ያሳየኝ፣
በመስኮት ጠቁሞ፣ «ሜትሮው ያውልሽ» ያለኝ፤
አገጩን ቀና አርጎ፣ «እዚህች ናት» ብሎ፣
እንዳገሬ መንገደኛ፣ ቀኑን በቃል ጠቅሎ።

እውነቱን ነው፤ ይታያል።
ጣሪያው እንደ ዛጎል ተደፍቶ ያበራል፣
ባቡሩ ሲመጣ ሲሄድ ካልጋዬ ይቆጠራል፤
ግን በእኔና በሱ መሃል
አሥራ ሁለት መስመር አስፋልት ተጋድሟል፤
ካስፋልቱ ወዲህ አጥር፣ ካጥሩ ወዲህ ባዶ፣
ድልድዩ ደግሞ ወዲያ፣ ከማደያው ማዶ።

ቆጥሬዋለሁ፤ ሁለት ሺህ አንድ መቶ እርምጃ።
በታኅሣሥ ጨዋታ ነው፤ ነፋሱ እግሬ ሥር ሲያነጥፍ ስጋጃ።
በነሐሴ ግን፣ ያገሬ ሰው በጭቃ ሲማረር፣
የሐይቅ ገበያተኛ ጎርፍ ይዞት ማዶ ሲያድር፣
እዚህ አየሩ የረጠበ ብርድ ልብስ ነው፣ አፍንጫ ላይ የሚታሰር።
ከማደያው ሳልደርስ የደንብ ልብሴን በላብ እነክራለሁ፣
የሰው ቢሮ ላጸዳ ሄጄ፣ ራሴ ታጥቤ እደርሳለሁ።

ያኔ የኪሴ ሂሳብ ይነሣል።
ጉልዛር የሚሉት ፔሻዋሬ በአሮጌ መኪና ይጭነናል፤
አምስት ድርሃም ለመሄጃ፣ አምስት ድርሃም ለመልስ፣
በወር ስትደመር የወንድሜ ደብተርና ልብስ።
አንዳንድ ቀን እግሬ ያሸንፋል፣ አንዳንድ ቀን ፀሐይ፤
የሚመርጥልኝ ወሩ ነው፤ እኔማ ምኑን ልለይ?

ሙሂባ መረራት፤ ጣቢያው ሥር ገባች።
ሦስት መቶ ጨምራ አንድ አልጋ፣ የላይኛዋን፣ ተከራየች።
«አልጋ መስሎሽ? የገዛሁት መንገዱን ነው» አለችኝ፣
«በየቀኑ ከሚበላኝ፣ አንዴ በልቶ ይልቀቀኝ።»

እኔ ቀረሁ።
ባዶው ሜዳ ላይ፣ አጥሩ ከተቀደደበት፣
ከእኛ በፊት የነበሩ የኔፓል ልጆች ያወጡት
ቀጭን የእግር መንገድ አለ፤ ስድስት መቶ ይቀንሳል።
ማታ ነፋስ ያጠፋዋል፣ ንጋት ላይ እግር ይጽፈዋል።
አሥር ተኩል ላይ ስወጣ፣ የመጀመሪያዋ ስሆን፣
ዞር ብዬ አያለሁ፣ ብቻውን የቀረ ዱካዬን።

ትናንት አንዲት ልጅ ደወለች፣ ክፍሉን ለማየት፣
«ሜትሮው ሩቅ ነው እንዴ?» አለችኝ፣ ከሁሉ በፊት።
አገጬ ቀና አለ፣ በስልክ፣ ማንም ላያይልኝ፣
«እዚህች ና…» ብዬ ቃሉ ምላሴ ላይ ቀረብኝ።
የሙሂባ አልጋ ባዶ ነው፤ ኪራዩ በእኔ ሊወድቅ ነው።
«ስሚኝ» አልኳት፣ «በታኅሣሥ ቅርብ ነው።
በነሐሴ ግን እኔም አላውቀው።
ጃንጥላ ይዘሽ ነይ፤
ከበሩ ጀምረሽ ቁጠሪ፤ እኔ ከኋላሽ ነኝ።»