የልኳንዳው ሁዳዴ

የቅበላው እሑድ መሸ፤ የመጨረሻው ደንበኛ
ዱለቱን ጠርጎ በልቶ፣ «ለፋሲካ ያድርሰን» ብሎኝ ሄደ ሊተኛ።
እኔም ሚዛኔን አጥቤ፣ መንጠቆዎቹን ቆጥሬ፣
ቢላዎቼን በሞራ አሽቼ፣ በጆንያ ጠቅልዬ አስሬ፣
ከአራዳ እስከ ቤቴ በእግሬ ወረድሁ፤
ለኀምሳ አምስት ቀን ሥራ ፈት ሆንሁ።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር፤ የሚሰማኝ ጻድቅ የለም፤
በሁዳዴ ደጀ ሰላም የምሳለመው ጿሚ ስለሆንሁ አይደለም።
ሥራ የፈታ እጅ ክፉ ነው፤ ጠላ ቤት ይወስዳል፣ ወይ ካርታ፤
ሚስቴም «ከደጄ ጥፋ» ትላለች፣ ገና በማለዳው ተቆጥታ።
ስለዚህ ኩታዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ቀሀን ተሻግሬ እወጣለሁ፤
ከቅጥሩ ጥግ፣ ከወይራው ሥር፣ ከለመድሁት ድንጋይ እቀመጣለሁ።

ከበሮው ዕቃ ቤት ገብቷል፤ ጸናጽሉ ዝም ብሏል፤
በበሩ ስንጥቅ አየሁትና «አንተም ልኳንዳህ ተዘግቷል?»
አልሁት፤ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ አፈርሁ፤
መቋሚያ ብቻ ወለሉን ሲነካ ሰማሁ።
ከበሮ የሌለው ዜማ አጥንቱ ይቆጠራል፣
እንደ ከሳ በሬ። ይቅርታ፤ የእኔ ምሳሌ ከበረት መቼ ይሻገራል?

አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ነው። ቄስ ገሠሠ ወንጌሉን ዘርግቶ፣
ሠላሳ ስምንት ዓመት ስለ ተኛው፣ ውኃው ሲናወጥ አይቶ፣ አይቶ
ሌላው ስለሚቀድመው ሰው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ፤
«ሰው የለኝም» ከሚለው ሲደርስ የባልቴቶቹ ዓይን ረጠበ።
እኔም ከንፈሬን መጠጥሁ፤ ከንፈር ለመምጠጥ ገንዘብ አያወጡም፤
ድንገት ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ መሪጌታ ዕንባቆም አልመጡም።

ከጥምቀት ወዲህ አልመጡም እኮ። ወገባቸውን ነው፣ ጉልበታቸውን፣ ይላሉ፤
ቤታቸው ከቅጥሩ ጀርባ ነው፤ ልጆች ኳስ ሲያመልጣቸው ገብተው ይወጣሉ።
ዛሬ የቆሙት መዘምራን ከእሳቸው ጾመ ድጓ የቀጸሉ፤
እኛ ቆመን «ሰው የለኝም»ን እንሰማለን፣ እሳቸው ተኝተው ይሰማሉ።

ከቅዳሴ በኋላ ሄድሁ። በላስቲክ የሽንብራ ንፍሮ ይዤ፣
ደረቴን እንደ ሰባኪ ነፍቼ፣ ሁለት ሦስት የማጽናኛ ቃል አርግዤ።
መሪጌታ ከመደቡ ላይ ናቸው፤ በድምፅ ማጉያው ሁሉን ሰምተው ኖሯል፤
«ያ ታከለ» አሉኝ ገና ስገባ፣ «ዛሬም ከአራራዩ ላይ ሁለት ምልክት ዘሏል።
ንገረው። እኔ ከዚህ ሆኜ ግድግዳውን በጣቴ ስመታ ነበር፤
አልሰማኝም፤ ወትሮም ጆሮው ቅርብ አይደለም ከአገር።»
ሳቁ። ንፍሮውን በድዳቸው አላመጡ። ከዚያ ትክ ብለው አዩኝ፤
«አንተስ» አሉ፣ «የልኳንዳው፤ አንተስ ሰው አለህ?» ብለው ጠየቁኝ።

ቆጠርሁ። ደንበኞች አሉኝ፤ ጉበት የሚመርጡ፣ ሻኛ የሚያዙ፤
የዕድር ዳኞች አሉኝ፤ ስሜን በቀይ እስክሪብቶ የያዙ፤
ከወንድሜ ከቢያድግልኝ፣ በአንድ ክንድ አጥር፣ ስምንት ፋሲካ አልተያየንም።
«አለኝ» ልል አፌን ከፈትሁ፤ እኔና ምላሴ አልተስማማንም።

ዝም ብለን ንፍሮ በላን። የመጋቢት ነፋስ የጎንደርን አቧራ ከደጅ ያምሳል፤
የወይራው ጥላ በመስኮት ገብቶ ከመደቡ ይደርሳል።
«የበሬ ጭን የለመደ ጫንቃ» አሉ፣ «አንድ ሽማግሌ ምን ያቅተዋል?
ለደብረ ዘይት አዝለኸኝ ሂድ፤ ታከለ ካልታረመ ድጓውን ያጠፋዋል።»

እሑድ ገና ጨለማ ነበር። ቀለሉኝ፤ ከጠቦት ቀለሉ፤
አፋቸው ከጆሮዬ ሥር፣ ቀስ ብለው ዜማውን እያሉ፣
በጣታቸው ጫንቃዬን ይመታሉ፤ አንድ፤ ቆይተው ደግሞ ሁለት።
ቅጥሩን ስንዞር የወንድሜ በር አለ፤ ከስንጥቁ ይታያል መብራት።
ሌላም መንገድ ነበረ፤ እግሬ ግን በዚያ አመጣኝ፤
መሪጌታ ምንም አላሉ፤
ጣታቸውን ብቻ አቁመው፣ እስካልፍ ድረስ ጠበቁኝ።